ዘይነብን ያዳናት ከሰል

ዛሬ ልጄ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ «የአብዞርፕሽንና የአድሶርፕሽን ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ስትለኝ ታናሽ እህቴ ዘይነብ ቀደመችኝና «መልሱ እኔ ነኛ!» አለች።

እውነቷን ነው።

ጊዜው የደርግ ነበር። የስድስት ዓመቷ ዘይነብ፣ በመንደራችን በጎብዬ፣ ማሳችን ዳር፣ አስተናግር የሚባለውን መርዛማ ዕፅ ፍሬ ቆርጥማ ተገኘች። እንደ ስሙ ያናግራል፤ ከሌሉ ፍየሎች ጋር ታወራ ጀመር። (ዛሬም ወሬ ስታበዛ «ገና አልለቀቃትም» እንላለን።)

አባታችን አቅፏት፣ የጭነት መኪና ለምነን ቆቦ ጤና ጣቢያ ደረስን። የጤና ረዳቱ ጥቁር ዱቄት በውኃ በጠበጠ።

አባቴ እጁን ያዘው። «ልጄን ከሰል ልታጠጣት?»

«አባባ፣ ለመድኃኒት የተሠራ ከሰል ነው። መሬት ውኃ እንደሚመጥ፣ ሰውነቷም መርዙን ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ከሰሉ ግን ላዩ ላይ ለጥፎ ይይዘውና አብሮት ይወጣል። ይልቀቁኝ፣ ጊዜ የለንም።»

አባቴ ለቀቀው። «ቢስሚላሂ» ብሎ ኩባያውን ራሱ አስጎነጫት።

መምጠጡ አብዞርፕሽን፣ ላዩ ላይ መለጠፉ አድሶርፕሽን እንደሚባል የተማርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ነገሩን ግን ያወቅሁት ያን ቀን፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯና ጥርሷ እንደጠቆረ «አባ፣ ራበኝ» አለች።

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

(የምድጃ ከሰል እንዳትሞክሩ! ልጅ መርዝ ከቀመሰ ወደ ሐኪም ነው።)

እናንተስ በልጅነታችሁ ምን ቀምሳችሁ ቤተሰብ አስደነገጣችሁ? ማንስ አተረፋችሁ? እስቲ ንገሩን።