ከድሪያ አበባ ልታይ የወጣችበት ቅዳሜ

«ሐዘንተኛ ይዛ ሽርሽር ወጣች!» እያላችሁ የከድሪያን ስም በየስልኩ የምታዞሩ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ ስሙ። ለቅሶው ቤት እኔም ነበርኩ፤ ያላየሁትን ልጇ ሀይፋ ነግራኛለች።

ከድሪያ የወሎ ልጅ ናት፤ የምትኖረው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ክሪስታል የምትባል ከተማ ነው። ፎርት ስኔሊንግ ባለው ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኞች ዊልቸር ስትገፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ስንቱን ወደ ሽርሽሩ ገፍታ ሸኘች፤ እሷ ግን የትም አልሄደችም። አንድ ቀን የገፋቻቸው ስኮትላንዳዊት አሮጊት ስልካቸውን አውጥተው የአገራቸውን ተራራ አሳዩአት። ዳገቱ ከታች እስከ ላይ ሐምራዊ አበባ ለብሷል።

«ይሄማ የኛ የደጋው ቁጥቋጦ፣ የአስታ ዘመድ ነው!» አለች፣ ቅጠሉን አይታ።

ሴትዮዋም ይህ ተክል እዚህ እንደ ልቡ እንደማይበቅል፣ ግን ከከተማ ወጣ ሲሉ በሐምሌ መጨረሻ በሌላ አበባ ሐምራዊ የሚሆን ሜዳ እንዳለ ነገሯት። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይደርቃል።

ይኸው ዘጠኝ ሰመር አለፋት። አንዱን ዓመት ኦቨርታይም በላባት፣ አንዱን ሠርግ፣ አንዱን የኛው የማያልቅ ስብሰባ። «ከድሪያ፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ማን ነው? ማንም። ዘንድሮ ግን ከባልደረባዋ ከዲንሳ ጋር ሺፍት ተቀያይራ ቅዳሜን ኦፍ አደረገች። ሀይፋ ድራይቭ ልታደርግ ቃል ገባች። ይህ ቅዳሜ ካለፈ አበባው አይገኝም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሴንት ፖል ለምትኖረው ለሥራ ጓደኛዋ ለአስካለማርያም ከአገር ቤት የወንድሟ መርዶ መጣ። እንደ ደንባችን ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው ነገሯት። እሷም እንደ ደንባችን ጮኸች። ቤቱ ግን አፓርታማ ነው፤ ጎረቤት ሰው የተገደለ መስሎት ፖሊስ ጠራ። ከዚያ ወዲያ ቤት የሞላው ለቀስተኛ ሥራው ምን ሆነ? «ቀስ በይ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ይሰማሉ» ማለት። ሁለት ቀን ሙሉ አፏን በነጠላዋ አፍና ተቀመጠች። ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው የሐዘንተኛ አፍ ሲዘጋ ትንሽ አያፍርም?

ቅዳሜ ጠዋት ከድሪያ ጉዞዋን ትታ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። አስካለማርያም ቀና አለች።

«ዛሬ አልነበር እንዴ አበባሽ?»

«ይቅር ባክሽ፣ አስኩ።»

«ሩቅ ነው?»

«በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ሰው ይኖርበታል?»

«ሜዳ ነው እኮ፤ ማን ይኖርበታል?»

«በይ ውሰጂኝ።»

ቤቱ ተንጫጫ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ሳህሉ፣ ከሶፋው ብድግ ብለው ወደ ከድሪያ ዞሩ። «ምን ማለትሽ ነው አንቺ? ሰው ምን ይላል?»

ከድሪያ በዕድሜዋ ለትልቅ ሰው ቃል መልሳ አታውቅም። «ጋሼ፣» አለች፣ «ከገባሁ ጀምሮ እርስዎ የሚያወሩት ስለ መኪናዎ ትራንስሚሽን ነው። እሷ የምታለቅስበት ቦታ ነው የቸገራት።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሀይፋ ቁልፏን አንሥታ «ማም፣ ሌትስ ጎ» አለች።

ሜዳው እስከ ወገብ ድረስ ሐምራዊ ነው፤ ንብ ይርመሰመስበታል። አስካለማርያም በቀጭኗ መንገድ ጥቂት ሄዳ ቆመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ከዚያ የወንድሟን ስም ጠርታ ጮኸች። ደረቷን መታች፤ ልጅነታቸውን እያነሣች አለቀሰች፤ ሄዳ መቅበር እንኳ አለመቻሏን እያነሣች አለቀሰች።

ከድሪያስ? ዘጠኝ ዓመት ለጠበቀችው አበባ ጀርባዋን ሰጥታ፣ መንገዱ አፍ ላይ ዘብ ቆመች። ውሻ የያዙ ባልና ሚስት ሲመጡ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። «ሀር ብራዘር ዳይድ። ፕሊስ።» ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ሚስቱ የውሻውን ገመድ ሰብሰብ አድርጋ ይዛ ቆመች። እነዚህ ፈረንጆች በአንዲት አጭር ቃል የገባቸው ነገር ለኛ ምን አስቸገረን?

ከብዙ ቆይታ በኋላ አስካለማርያም ድምፅዋ ሰልሎ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ግን እንደ ሰው እየተነፈሰች ተመለሰች። የሀይፋ ስልክ ይጮኻል፤ «የት ናችሁ? ሰው እየጠበቀ ነው!» ይላሉ ከሴንት ፖል።

«እንሂድ በቃ፣» አለች አስካለማርያም፣ «ቀንሽን ወሰድኩብሽ።»

ከድሪያ ውኃ አቀበለቻት። «ቁጭ በይና ጠጪ። ሀይፋ፣ አንቺም ያንን ስልክ አጥፊው። አሁን እኔ ልይ።»

ብቻዋን ወደ አበባው ገባች። እነሱም አላጣደፏትም።