በአዴ ግቢ በኩል ያለው የመስታወት በር

ቤታችንን ስናድስ ከባለቤቴ ጋር የተከራከርነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሳሎኑ በር። እኔ የተወለድኩት ደጋ ነው። እዚያ በር የሚሠራው እንዲዘጋ ነው፤ ጠባብ፣ ሳንቃው ወፍራም፣ ብርድ እንዳያሳልፍ። እሱ ደግሞ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አባቱ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ። በር ለነፋስ ካልሆነ ለምን እንደተፈጠረ የማይገባው ሰው።

«ግድግዳውን ሙሉ መስታወት እናድርገው» አለ። «ተንሸራታች፣ ባለ አራት ክንፍ። ሁለቱን ወደዚህ፣ ሁለቱን ወደዚያ ገፍተን ነፋሱን እናስገባዋለን።»

ነፋሱ የሚመጣው ደግሞ በአዴ ግቢ በኩል ነው።

አዴ ጎረቤቴ ናት። ስሟ አይደለም፤ ልጆቿ በኦሮምኛ እናታቸውን የሚጠሩበት ነው፤ እኔም ከአፋቸው ወስጄው በዚያው ቀረ። አግብቼ እዚህ ስመጣ፣ እንደ አገሬ ወግ «እርስዎ» ብላት ዞር ብላ ከኋላዋ አየችና፣ «ማንን ነው የምታናግሪው? እዚህ ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ «አንቺ» ነን። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ መንገዱ ርቋት ሳትደርስልኝ ቀረች። ገንፎ አገንፍታ የማታውቀው አዴ ናት ሰው ጠይቃ አገንፍታ ያበላችኝ። እመቤቴ ማርያም ምስክሬ ናት፣ ጓል ጓል ነበረው፤ ግን እንደዚያ የጣፈጠኝ ገንፎ የለም።

በሁለታችን ግቢ መካከል ያለው አጥር ከደረት አያልፍም። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ በሙቀት ጋደም ሲል፣ አዴም ከኒም ዛፏ ሥር ሰሌኗን ዘርግታ፣ ሻሿን አውልቃ፣ በስስ የድሪያ ቀሚሷ ታርፋለች። እንግዲህ የእኔ ግድግዳ መስታወት ሲሆን ምን ልታደርግ ነው? ባለቤቴ አለ፣ እንግዳ ይመጣል። ሴትዮዋ በገዛ ግቢዋ ልትሸፋፈን ነው? ሰው ማስቀየም ድሮም እፈራለሁ። አዴን ማስቀየም ደግሞ በዚህ ከተማ ያለችኝን አንድ እናት ማጣት ነው።

በርና መስኮት የሚሠራ አሉሚኒየም ቤት ስንሄድ መፍትሔው የተገኘ መሰለኝ። ከውጭ ለሚያየው የራሱን ፊት መልሶ የሚያሳይ፣ ከውስጥ ላለው ግን ደጁን የማይከልል መስታወት አለ፤ «ሪፍሌክቲቭ» ይሉታል። አዴ የምታየው ዛፏንና ራሷን ብቻ ይሆናል፤ ቤቴ ውስጥ ማን እንዳለ ካላየች አትሳቀቅም፣ አልኩ። ይህን ያሳየኝ አምላክ ነው ብዬ አመሰገንኩ። ናሙናውን ይዤ መጥቼ፣ ከኒሙ ግንድ አስደግፌ አሳየኋት።

«ማሻአላህ፣ ያምራል» አለች መጀመሪያ። ሻሿን እያየች ስታስተካክል፣ ለአረፋ የምታደልበው ወጠጤ መጣ። መስታወቱ ውስጥ ሌላ ወጠጤ አየ። ወደኋላ ሸሸት አለ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ግው! መስታወቱ ረገፈ። ወጠጤው ተቀናቃኙ የት እንደገባ ዛፉን እየዞረ ሲፈልግ እኔና አዴ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

«ወላሂ እሱም አልወደደው» አለች እንባዋን እየጠረገች። ሳቋ ሳያልቅ፣ «ከውስጥስ? ከውስጥም እንዲህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ኮራ ብዬ፣ «ኧረ ከውስጥ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል!»

«እና አንቺ እኔን ታያለሽ፣ እኔ ግን አንቺን አላይሽም?»

ጎንበስ ብዬ ስብርባሪውን መልቀም ጀመርኩ። እሷም አብራኝ ለቀመች። በማግስቱ ቀትር ኒሙ ሥር ማንም አልነበረም። አዴ ሰሌኗን ጠቅልላ ከኩሽናዋ ጀርባ፣ ነፋስ ከማይደርስበት ጥግ ገብታለች። በሩ እኮ ገና አልታዘዘም!

ባለቤቴ ቁርጡን ንገሪኝ ሲለኝ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ እሷ ሄድኩ።

«አዴ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ ምን ብዬ እቀየምሻለሁ? ልትደበቂብኝ ነው እንጂ።» እጄን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «እኔ መታየት መች ፈራሁ? በአጥሩ ላይ ስታዪኝ አይደል የኖርሽው? የሚያየኝን ሰው ግን ልየዋ! ከዚያ ነገር ጀርባ ታልቅሺ፣ ትሳቂ፣ በምን ላውቅ ነው? ፊቴን ብቻ እያየሁ ልኑር? ፊቴንማ አውቀዋለሁ፣ አርጅቷል።»

«ድሪያሽስ? እንግዳ ሲመጣስ?»

«ደጋ አገር መጋረጃ የለም እንዴ? ቀትር ላይ ዙሁር ሰግጄ ጋደም ስል ዝጊው፣ ከሰዓት ተነስቼ አሱር ስሰግድ ክፈቺው። አቦ፣ ለዚህ ነው የከሳሽው?»

ሳምንት ሙሉ ያብሰለሰልኩት ነገር በአንድ ጨርቅ አለቀ። ከባለቤቴ ጋር ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተን ወደ አሉሚኒየም ቤቱ ሄድን።

«እማማ፣ አሁን ዘመናዊ ቤት የሚሠራ ሁሉ ሪፍሌክቲቭ ነው የሚያስገጥመው» አላት ባለሱቁ።

«ዘመናዊዋ እሷ ናት፤ እኔ ጎረቤት ነኝ። ጥርት ያለውን አምጣ።»

ከዚያ ለማሳያ የቆሙትን በሮች ትፈትን ጀመር። የሰውየውን የሻይ ትሪ ከነብርጭቆው ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችና፣ የመጀመሪያውን በር በክርኗ ገፋችው። እምቢ አለ። «ሳምቡሳ ይዤላችሁ ስመጣ ይሄ ያቀዘቅዝብኛል» አለች። ሌላው ግማሽ ድረስ ሄዶ ተንገጫግጮ ቆመ፤ ብርጭቆዎቹ ሲንኳኩ ባለሱቁ ሊቀልብ እጁን ዘረጋ። የመጨረሻው ግን ክርኗ ገና ሲነካው ሹልክ ብሎ ሄደ። «ይሄ በር ሰው ያውቃል!» አለች። ባለቤቴ ተንበርክኮ፣ አሸዋ ይይዝ እንደሆነ ብሎ የበሩን ሐዲድ በጣቱ ይዳብሳል። አዴ ከላይ ሆና አየችው፤ «አባትህም እንዲህ ሲዳብስ ነበር ለካ ባቡሩ ሁልጊዜ የሚዘገየው!»

በሩ በተገጠመ ማግስት፣ ቀትር ላይ፣ አዴ ሰሌኗን በብብቷ ይዛ ወደ ኒሟ ስትመለስ አየኋት። ተመስገን ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ። አሱር ከተሰገደ በኋላ ትንሽ ቆየሁባት መሰለኝ፣ በአጥሩ ላይ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ተኛሽ እንዴ? ክፈቺው እንጂ!»

ከፈትኩት። ሻሿን አስራ፣ አጥሩን ተደግፋ፣ ቤቴን ከዳር እስከ ዳር እየቃኘች ነው።

«ያ ሶፋ ምን ሆኖ ነው ጀርባውን የሰጠኝ?»

«ታዲያ እንዴት ይሁን አዴ?»

«ወደ እኔ አዙሪዋ!»

ባለቤቴ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን አዞርነው። «ትንሽ ወደ ግራ» አለች።

«የማን ግራ?» አለ ባለቤቴ እያለከለከ።

«የእኔ ነዋ!»

ወደ እሷ ግራ ገፋነው።