ታድግበታለች

ስቱዲዮ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት በመርፌ ሳይሆን በመቆንጠጫ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አለቃዬ ሚስ ጆይስ ኮቱ ከልኩ በላይ የሰፋበት አንድ ተዋናይ ፊት አቆመችኝ። እኔ መርፌና ክር ስፈልግ እሷ ኮቱን ከጀርባ ጭምድድ አድርጋ በመቆንጠጫ ያዘችው። ከፊት ሲያዩት በልኩ የተሰፋ ነው፤ ከኋላው ግን ጉድ ነው።

«ካሜራው ጀርባውን አያይም። ካሜራ ካላየው የለም ማለት ነው» አለችኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ፎርት ዎርዝ አጠገብ፣ ቤድፎርድ የሚባል ከተማ፣ አንድ ላውንድሪ ቤት ሱሪ አሳጥር ነበር። ስቱዲዮው ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ከተማ፣ መጋዘኖች መካከል ያለ፣ ራሱም መጋዘን የሚመስል ቤት ነው። በልብስ ክፍል ከሁሉም በላይ ዲዛይነሯ ናት፤ ልብሱን የምትመርጠው እሷ ነች። ቀጥላ ሱፐርቫይዘሯ ሚስ ጆይስ፣ ከዚያ በቀረጻ ጊዜ ተዋንያኑን የሚያለብሱት፣ መጨረሻ ላይ እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ።

የምንሠራው ፓይለት ነበር። ፓይለት ማለት የተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ለናሙና ይቀረጻል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ከወደደው ይገዛዋል፣ በየሳምንቱም ይታያል። ካልወደደው ይቀራል። ይህን ለወገኖቼ ማስረዳት አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያን «ፓይለት ላይ ነው የምሠራው» ስል የአውሮፕላን አብራሪዎችን ዩኒፎርም የምሰፋ መሰላቸው። ግማሹ ሰው ኤርፖርት የሚሠራ ስለሆነ አልፈረድኩባቸውም። አንድ አባት እንዲያውም «ልጄ፣ አብራሪዎቹን አነጋግረሽ ለእኔም የትኬት ቅናሽ አታስደርጊልኝም?» አሉኝ። እሞክራለሁ አልኳቸው፤ ምን ልበል!

ሚስ ጆይስ የፎርት ዎርዝ ሴት ናት። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ዕድሜዋ አንቱ የሚያሰኝ ነበር፤ እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ተገላገልኩ። የሥራ ሕጓ አጭር ነው፦ የፓይለት ልብስ የሚለበሰው ለአንድ ሳምንት ነው፣ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ስፊው። ጠርዙ በማጣበቂያ ይለጠፋል፣ ውስጡ አይዘመዘምም።

እኔ ይህን አልቻልኩም፤ የልጅ ልብስ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። እኛ ዘንድ ለልጅ ልክ በልኩ አይገዛም። «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ፣ ረዘም ያለ ነው የሚገዛው። የእኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልኬ የሆነው ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ፓይለታችን ላይ ለነበረች ሕፃን ተዋናይ ቀሚስ ስሰፋ አራት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ በእጄ ዘመዘምኩት።

ሚስ ጆይስ ጠርዙን ገልብጣ አየችው። «ይሄ ሁሉ ጨርቅ ምን ያደርጋል?»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳኋት። ድራማው ከተገዛ የሚቀጥለው ቀረጻ ከወራት በኋላ ነው፤ ልጅ ደግሞ ጣቢያ እስኪወስን ቆማ አትጠብቅም አልኳት።

«በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?»

«ታድግበታለች።»

«ታዲግ» አለች። ከዚያ በላይ ምላሷ አልሄደላትም። ጠርዙን ግን ፍቺው አላለችም።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ የልብስ ክፍላችን ቃል ሆነ። አዲስ ፓይለት ሲመጣ ስክሪፕቱን ታነብና መነጽሯን አውልቃ «ትሩ፣ ታዲግ?» ትለኛለች። ጥሩወርቅ ማለት አቅቷት ነው ትሩ የምትለኝ። ታዲግ ስትል ደግሞ ይገዛል ብለሽ ታስቢያለሽ ወይ ማለቷ ነው። እኔም ሁልጊዜ «ታዲግ» እላለሁ።

አንዱም አልተገዛም። የእንስሳት ሐኪም የሆነው የፖሊስ አለቃ፣ የሸሪፉ ድራማ ቀረ። ተፋተው አንድ ክሊኒክ የሚጋሩት የጥርስ ሐኪሞችም ቀሩ። ቀረጻ ሲያልቅ ልብሱን አጥበን፣ ተኩሰን፣ ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ምናልባት ከተገዛ ተብሎ። ከዚያ ከጣቢያው ስልክ ይደወላል። ሚስ ጆይስ ስልኩን ስታስቀምጥ መቅረቱን ከፊቷ እናውቃለን።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም አራት ጣቴን አልለቀቅኩም። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንዲት ልጅ በሁለተኛው ዓመት አድጋ ትምጣልኝ፣ ያጠፍኩትን ጠርዝ በእጄ ልፍታላት። በመስፋት የኖረ ሰው ያን ያህል መፍታት ይናፍቀዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ አንድ ፓይለት መጣ። ታሪኩ የአንድ አፓርታማ ጎረቤታሞች ነው፤ ከጎረቤቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ነው። ሚስ ጆይስ ስክሪፕቱን ይዛ ስትመጣ እየሮጠች ነበር ማለት ይቻላል። ፕሮዲውሰሩ የቤተሰቡ ልጅ ሆና የምትጫወት አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሜስኪት ከተማ የምትኖረውን ማህሌትን አመጣሁለት። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ስትመራ ከፊት የምትቆም፣ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። ተፈተነች፤ አለፈች።

ኪስ ያለው ቢጫ ቀሚስ ሰፋሁላት። ስትሞክረው ጠርዙን በጉልበቷ መታ መታ አደረገችው።

«አክስቴ፣ ይሄ ለእኔ ሄቪ ነው።»

«ጠርዙ ነው የከበደሽ። ታድጊበታለሽ።»

«መቼ?»

«ሲገዛ።»

በቀረጻው ቀን በሩን ከፍታ ለጎረቤቷ ሽማግሌ «እናቴ ቤት የለችም፣ ግን እኔ አለሁ፣ ይግቡ» የምትልበት ቦታ አለ። ይግቡ የምትለውን በአማርኛ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ እየጋበዘች አለችው። ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም፤ ሽማግሌ ስታይ የምታደርገው ነው። ዳይሬክተሩ ሳይቆረጥ እንዳለ ይቆይ አለ። ከልብስ ክፍል ወጥታ የማታውቀው ሚስ ጆይስ ሞኒተሩ ጋ ቆማ አየኋት። ያን ቀን ይህኛው አይቀርም ብዬ በሙሉ ልቤ አመንኩ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የልጅቷ እናት ሂሩት አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፤ በእረፍቷ ትደውልልኛለች።

«እትዬ ጥሩ፣ ኮል አደረጉ እንዴ?»

«ገና ነው።»

«ማለቴ፣ ለእኔ አይደለም። ከስኩል ስትመጣ ፈርስት ቼክ የምታደርገው ስልኩን ነው። ኦኬ፣ አይሆንም ካሉም ቁርጡን ብታውቀው ይሻላል።»

ቁርጡ መጣ። ሚስ ጆይስ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ስፌት መኪናዬ መጣችና መነጽሯን አወለቀች። «ትሩ» አለች። ታዲግ አላለችም።

ሜስኪት ሄጄ ለማህሌት የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያመጣኋት እኔ ስለሆንኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሶ፣ ቀሚሱስ?» አለች።

ሳጥን ውስጥ ነው አልኳት። ጣቢያው ሐሳቡን ቢቀይር ተብሎ ልብሱ ይቆያል፤ ለልጅቷም ለራሴም ይህንኑ ነገርኩ። በሳጥኑ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ያ የበሩ ትዕይንት ትዝ ይለኛል። ቢገዛ ስንት ሳምንት ታዩት የነበረ ነገር ነው፤ ያቺ ልጅ በየሳምንቱ በር ከፍታ ይግቡ ስትል።

ጣቢያው ሐሳቡን አልቀየረም። የሚቆይበት ጊዜ አልፎ ልብሶቹ ሊሸጡ ሲወጡ፣ ሚስ ጆይስ ቢጫውን ቀሚስ ለብቻው አኖረችው። ፕሮዲውሰሩን አስፈቅዳለች። «ደውዪላቸው» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሂሩት ማህሌትን ይዛ መጣች። ልጅቷ ተመዝዛለች። ቀሚሱን ስትለብሰው ከጉልበቷ በላይ ቀረ። መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኳትና የክር መፍቻዬን አነሳሁ። ሚስ ጆይስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ክሩን አንድ በአንድ በጠስኩት፤ አራት ጣቱ ጨርቅ ወረደ፤ ከጉልበቷ በታች ደረሰ። የእጥፋቱ መስመር ካውያ ባደርግበትም አልጠፋ አለ።

«ታዲግ» አለች ሚስ ጆይስ። እንደ ጥያቄ አልነበረም።

ማህሌት ቁልቁል ቀሚሷን አየች። «አደግኩበት» አለች፣ በጠራ አማርኛ።

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ስቱዲዮ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ለፓይለት ያጠፍኩትን ጠርዝ የፈታሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምነው ያ ድራማ በተገዛ ብዬ ዛሬም እመኛለሁ፤ ቴሌቪዥን ስከፍት አንዳንዴ ያ በር የሚከፈት ይመስለኛል።

በዚህ ሙያ ለምትሰማሩ የምለው ይህንን ነው። የልጅ ልብስ ስትሰፉ ጠርዙ ላይ አራት ጣት ትርፍ ተዉ። ድራማው ቢቀርም ልጅቷ ማደጓ አይቀርም።