የቲቸር ኦኬሎ አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት ለመታወቂያ ቀበሌ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበሩት አሮጊት አውራ ጣታቸውን የማኅተም ቀለሙ ላይ ሲጫኑ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ስፒሪት ስፒሪት የሚል፣ የእርጥብ ጨርቅም ጠረን ያለበት ሽታ ነው። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ይወርዳል፤ ጸሐፊው በካርቶን ቁራጭ ያራግባል። እኔ ግን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ባለችው ክፍል ከቲቸር ኦኬሎ ፊት ቆምኩ።

ቲቸር ኦኬሎ እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። የአኙዋ ሰው ናቸው፤ ከቁመታቸው የተነሳ በራችንን ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። አማርኛቸው አጭር አጭር ነበር፤ አንድ ቃል ተናግረው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ሌላውን ይጨምራሉ።

ጋምቤላ ያኔ ገና ክልል መሆኗ ነበር። የየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ እንደ አዲስ ይቀባል፣ ማኅተሙም ይቀየራል። ቲቸር ከአንዱ ቢሮ የተጣለ የማኅተም ቀለም ሣጥን ለምነው አመጡና፣ ውስጡ ያለውን ወፍራም ጨርቅ በመቀስ ቆራርጠው ለእያንዳንዳችን በባዶ የክብሪት ቀፎ ሰጡን። ለንባብ የቤት ሥራ ነው። በየሳምንቱ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ይሰጡናል። ቤት ወስደን ለሰው ጮክ ብለን እናነባለን፤ ያዳመጠን ሰው ደብተራችን ላይ ይፈርማል፣ መፈረም ካልቻለ አውራ ጣቱን ወይን ጠጅ ቀለሙ ላይ ተጭኖ ያሳርፋል።

«ቲቸር፣ እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም» አለ አንድ ልጅ።

«ጆሮ አላት?»

«አላት።»

«በቃ። ጆሮ ይበቃል።»

በዚያ ዓመት የከተማው ሰው ጣት ወይን ጠጅ ሆነ። የዓሣ ሻጮቹ፣ የባሮ ድልድይ ጠባቂዎች፣ ወደ ኢታንግ የሚሄድ መኪና የሚጠብቁ መንገደኞች ሳይቀሩ አዳመጡ። ጋትሉዋክ የሚባለው ቀልደኛ ደግሞ ለፍየሉ አንብቦ ሰኮናዋን አትሞ መጣ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቲቸር ግን ሳይስቁ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ሳትሄድ እስከ መጨረሻ ሰማች?»

«ታስራ ነበር፣ ቲቸር።»

«አልቆጥርም። የታሰረ አድማጭ አይሆንም።»

እኔ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት የሚጨንቀኝ ልጅ ነበርኩ። «ባትሪ የሌላት ሬዲዮ» ይሉኝ ነበር። ወላጆቼ አቦቦ ወረዳ በቆሎ ያርሳሉ፤ እኔ ከተማ፣ ሆስፒታል በጽዳት ከምትሠራው ከአክስቴ ከወርቄ ጋር እኖር ነበር። አክስቴ ማታ ማታ በረኪና በረኪና እየሸተተች ትመጣና እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች። እንግሊዝኛ ከአፌ ሲወጣ ብትሰማ የምትስቅብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ገጹን በዓይኔ ብቻ አነብና፣ የክብሪት ቀፎዬን ከፍቼ የራሴን አውራ ጣት አሳርፋለሁ። አራት ሳምንት እንዲህ አደረግሁ። የንባቡ ማርክ ካልተሟላ ወደ ስምንተኛ ማለፍ የለም፤ አባቴ ደግሞ «ከወደቅሽ ተመልሰሽ ከበቆሎው ዝንጀሮ ታባርሪያለሽ» ብሎኛል።

በአምስተኛው ሳምንት ቲቸር ልጆቹ ሲወጡ አስቀሩኝ። ደብተሬን ከፍተው አራቱን የጣት አሻራዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«አድማጭሽ ማን ነው?»

«አክስቴ።»

«አክስትሽን ጣቷ ላይ ቢላዋ ቆርጧታል?»

ዓሣ ሳጸዳ ቢላዋ የቆረጠኝ ጠባሳ አውራ ጣቴን ለሁለት ይከፍለዋል። አራቱም ወይን ጠጅ ጣቶች መሐል ለመሐል ተሰንጥቀው ነበር፤ እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት አላየሁትም። ሳላስበው እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ቲቸር አሳዪኝ አላሉም።

ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ ነበር። እሱን የሚያነሡ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ግን የወንበር መንፏቀቅ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል።

«እኔ እዚህ የለሁም» አሉ። «ባሮን ነው የማየው። አንብቢ።»

የዚያ ሳምንት ገጽ ከመጀመሪያው ሳምንት የጀመረው፣ ጀልባ ስለሚሠራ አንድ ሰው የሚናገረው ታሪክ ቀጣይ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ለራሴም በማይሰማ ድምፅ አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ሲል ደንግጬ አቆምኩ። የቲቸር ጀርባ አልተነቃነቀም። ላብ ሸሚዛቸው ላይ ሰፊ ክብ ሠርቷል። ያንን ክብ እያየሁ ቀጠልኩ፤ ድምፄም ቀስ በቀስ የሚሰማ ሆነ።

ስጨርስ ዞሩና የክብሪት ቀፎዬን ተቀበሉኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጭነው ከእኔ የሐሰት ጣቶች ሥር አሳረፉት። የቲቸር ፊርማ ደግሞ ሁላችንም በደብተራችን ጀርባ እየሞከርን የማንችለው፣ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ ነበር።

«ቲቸር፣ እርስዎ እኮ መፈረም ይችላሉ» አልኩ። ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

«ዛሬ አድማጭ ነኝ» አሉ። «ያንቺን ጣት አልቆጥርም። አራቱን ገጽ ለአክስትሽ አንብቢ። ያኔ እቆጥራለሁ።»

ያን ቀን አመሻሹ ላይ አክስቴ እግሯን እንደ ነከረች ከኋላዋ ቆምኩ።

«አክስቴ፣ ወደዚያ እያየሽ ትሰሚኛለሽ?»

«ምን ልታደርጊኝ ነው ከኋላዬ?» አለች፤ ግን ወደ አጥሩ ዞረች።

የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላት። አልሳቀችም። እግሯን ውሃው ውስጥ ማንቀሳቀስ እንኳ ትታ ነበር።

«ምን አለ አሁን ይሄ ሁሉ?»

ጀልባ ሊሠራ ስለተነሳው ሰው በአማርኛ ነገርኳት።

«እና ተንሳፈፈች?»

«ገና እንጨት እየቆረጠ ነው።»

«አይ ሰነፍ! እንግዲያው ነገም አንብቢልኝ።»

የአክስቴ ጣት እንደ ሌላው ሰው መስመር አልነበረውም፤ በረኪና በልቶት ለስልሷል። ደብተሬ ላይ ያረፈው የቀለም ጠብታ ይመስል ነበር። ሌላው አስተማሪ ቢሆን «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኝ ነበር። ቲቸር ኦኬሎ አራቱን ጠብታዎች ረጅም ጊዜ አዩና «ይህች ብዙ ትሠራለች» ብለው ማርኬን ጻፉ።

ወደ ስምንተኛ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ አክስቴ ወገቧን ታመመችና እኔም ከትምህርቱ በዚያው ቀረሁ። ቲቸር ወደ ኢታንግ ተዛወሩ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ደብተሩ ግን አለኝ። የማባዣ ሠንጠረዥ የነበረበት ጀርባው ተገንጥሏል፣ የስክሪብቶው ጽሑፍም ደብዝዟል። የቲቸር አውራ ጣት ግን እንደ ተቆረጠ ግንድ፣ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ ይታያል።

ቀበሌው ውስጥ አሮጊቷ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ወደ ጸሐፊው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ምን ይላል ይሄ?»

«የተለመደው ነው እማማ፣ ያሳርፉ። ከኋላ ሰው አለ» አለ ጸሐፊው።

ከኋላ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

«እኔ ላንብብልዎት» አልኩ።

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሮጊቷ ቀለም የነካ ጣታቸውን ቀሚሳቸውን እንዳያበላሽ ወደ ላይ አንሥተው፣ ፊታቸውን ወደ ደጁ መለሱ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና አውራ ጣታቸውን ከስማቸው ጎን አሳረፉ።