የቆዳ ፉርጎዎቹና የእህቴ ሰርግ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ የሚኖሩት አየርላንዳዊ ጎረቤቴ ሚስተር ዴክለን ቤት ሻይ ተጠርቼ ሄጄ፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ የባቡር ፉርጎ አይቼ ሊያስመልሰኝ ደረሰ። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ያን ዕለት አፌን በእጄ ይዤ ወደ በረንዳ ስሮጥ ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም።

ሚስተር ዴክለን የውሃ መሐንዲስ ነበሩ። ወደዚህ አገር ለሥራ መጥተው፣ ኬንያዊት አግብተው፣ ጡረታ ሲወጡም ወደ አገራቸው መመለሱን ትተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ከቤት ሲወጡ ባለቤታቸው ማማ ዋንጂሩ አንዱን መኝታ ቤት ለቀቁላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ እዚያ ገብተው የአየርላንድን የድሮ የዕቃ ባቡር በትንሽ በትንሹ ይሠራሉ። የመንገደኛ ባቡር አይወዱም። ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላው ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ተዘርግቷል፣ ከስፖንጅ የተቆረጠ ቁጥቋጦ በቅሏል፣ ከጀርባው ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ተስሏል፤ በሐዲዱ ላይ ሲሚንቶ የጫነ፣ የቢራ በርሜል የጫነ፣ ስኳር የሚወጣበትን ሥራሥር የጫነ ፉርጎ ተራ በተራ ይዞራል። ማማ ዋንጂሩ በሩ ላይ ቆመው «ካሪቡ፣ ግቢ፤ እንግዲህ መውጫውን እሳቸው ካሳዩሽ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ሁሉንም እያየሁ ሳደንቅ ሚስተር ዴክለን ከመስኮቱ ሥር ለብቻው የቆመ ፉርጎ አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ከብት የሚጫንበት ነው። ጎኑ በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ክፍት ሆኖ፣ ከታችኛው ሰሌዳ ላይ ነጭ ነገር እየተዝረበረበ ወርዶ ደርቆበታል፤ ያን በቀጭን ብሩሽ ለማዝረብረብ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እየነገሩኝ፣ «ኖራ ነው» አሉ፤ «ከብቱ ከወረደ በኋላ በሽታ እንዳይተላለፍ ውስጡን በኖራ ይለቀልቁት ነበር። አባቴ በከብት ገበያ ቀን ጫኝ ነበር።»

ኖራ የምትለዋን ቃል እንደሰማሁ በዚያ ቀለምና ሙጫ ብቻ በሚሸትበት ክፍል ውስጥ የበሰበሰ ቆዳ አፍንጫዬን መታኝ። በረንዳው ላይ የታክሲውንና ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ጭስ በደስታ ሳብኩት።

ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዕቃ ጣቢያው አጥር ሥር ነው። አባዬ የጫኝና አውራጆች አለቃ ነበር። በእኛ ሰፈር ልጅ ሆኖ ባቡር የተጫነውን ሳያይ ከሽታው የማይለይ አልነበረም፤ ነፋሱ ከጣቢያው ሲነሳ አልጋችን ላይ እንዳለን ቡና፣ ሽንኩርት፣ ጋዝ፣ የባሕር ጨው እያልን እንወራረዳለን፣ የተሸነፈ የአሸናፊውን ተራ ውሃ ይቀዳል። ፉርጎዎቹ ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ ከአንዱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እየተቀባበለ ሄዶ በረሃው ጫፍ ላይ ይጠፋል፤ እንግዳ ቤታችን ሲያድር ደንግጦ ይነሳል፣ እኛ ግን ያ ድምፅ ሲቀር ነበር የምንነቃው። ይህን ሁሉ ዛሬም እወደዋለሁ። የማልወደው ቆዳውን ነው። ጥሬ ቆዳ የጫነ ፉርጎ ሲያልፍ ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል፣ እናቴ መስኮት ትዘጋለች፣ አባዬም ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ካልታጠበ ደጃፍ አይረግጥም። ቢሆንም ቆዳ መንገደኛ ነበር፤ መጥቶ ያልፋል።

የታላቅ እህቴ የዘነበወርቅ ሰርግ በተቆረጠበት ሚያዝያ ግን አላለፈም። ጾሙ ገና በፋሲካ መፈታቱ ነው፤ በየቤቱ የታረደው በግና በሬ ቆዳ ተሰብስቦ፣ በችኮላ ጨው ተነስንሶበት፣ ወደ ወደብ ሊወርድ ፉርጎ ላይ ተጫነ። በዚያው ሰሞን የበልጉ ጎርፍ ከበረሃው በኩል አንድ ድልድይ ጠርጎ ወሰደ። የቆዳ ፉርጎዎቹ ከቤታችን አጥር ባሻገር ቆሙ። የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ዝንብ መጣ። ቀጥሎ ከፉርጎዎቹ ወለል ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ሽሮፕ የሚጎተት ፈሳሽ ሐዲዱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ከፈሳሹ ውስጥ ትል ይላወሳል። ውሾች ሊልሱት ይመጣሉ፣ አሞሮች ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ግማቱ እንጀራው ውስጥ ገባ፣ ውሃው ውስጥ ገባ፣ የዘነበወርቅ ጥሎሽ ከተቀመጠበት ሣጥን ገባ። አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ ብተነፍስ ይሸተኛል፣ አፍንጫዬን ይዤ በአፌ ብተነፍስ እቀምሰዋለሁ። በዚያ ሰሞን የበላሁትን ሥጋ ስላልረሳሁት፣ እስከ ዛሬ የናይሮቢ ሰው ኛማ ቾማ በሚለው ጥብስ ሥጋው ሲምል እኔ የሥጋ ቤቱን በር ላለማለፍ መንገድ እሻገራለሁ።

የሙሽራው እናት እትዬ በላይነሽ ከሰርጉ በፊት በነበረው ቀን ከአዲስ አበባ በባቡር ደረሱ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ፈገግ እንዳሉ ከባቡሩ ወረዱ፤ የድሬዳዋን አየር ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ሳቡ፤ ፈገግታው እንዴት ከፊታቸው እንደወደቀ አሁንም ይታየኛል። ቤት እስኪደርሱ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አላነሱም። የቀረበላቸውን ምግብ ሳይነኩ እናቴን ጠየቋት።

«አገሩ እንዲህ ነው የሚሸተው ወይስ የሞተ ነገር አለ?»

«ቆዳ ነው እትዬ። ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት ነው።»

«ልጄ ሰርጉን ባስታወሰ ቁጥር ይህን ሊያሸት ነው? አይሆንም። መንገዱ እስኪከፈት ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ።»

የተላለፈ ሰርግ ምን እንደሚሆን ሁሉም ሰው ያውቃል። ዘነበወርቅ ከጓዳው ሆና ሰምታ ነበር፤ እጇ ላይ ያለውን ሂና ትፈቀፍቅ ጀመር። እናቴ እንግዳዋን መለማመጥ ያዘች። አባዬ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

የሄደው የቆዳው ባለቤት አቶ ገሠሠ ዘንድ ነበር። እኚህ ሰው ነፋሱ በማይደርስበት ሰፈር ከዛፍ ጥላ ሥር ይኖራሉ፤ ፉርጎዎቻቸውን ሊያዩ ሲመጡ በሽቶ የተነከረ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ነው። ቆዳው ገና ይድናል ብለው በሩን ማንም እንዳይከፍተው ከልክለዋል። አባዬ በኋላ ለእናቴ ሲነግራት እንደሰማሁት፣ ነገ የልጄ ሰርግ ነው ቢላቸው «እንኳን ደስ ያለህ፤ ጥሬ ቆዳ እንደ ጽጌረዳ ይሸታል ያለህ ማነው?» ብለው በር ዘጉበት። እኔ በሕይወቴ ብዙ የሚሸት ነገር አሽትቻለሁ፤ የዚያን ሰው መሐረብ ያህል የሚያንገሸግሸኝ ግን የለም።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሹም ሄደ። ሹሙ የራሳቸውም ቤት እዚያው ግማት ውስጥ ነበርና ብዙ አላስለፈለፉትም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጠጠር ይጫንበት ወደነበረው አሮጌ ሐዲድ፣ ከነፋሱ በታች እንዲወስዳቸው፣ ትሉ ወደ ሰፈር እንዳይሄድም ኖራ እንዲያደርግባቸው ፈቀዱለት። የሚጎትት ሞተር ግን የለም፤ ድልድይ ሊጠግን ወርዷል። ያለው የሰው ትከሻ ነው።

ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ መጡ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አባዬ የሚያዛቸው ሁሉ ያለ ደመወዝ በሰርጉ ቀን ተሰበሰቡ። አፍንጫቸውን በሎሚ በተነከረ ጨርቅ አሰሩ። ብረት ከመንኮራኩሩ ሥር ከትተው ይፈለቅቃሉ፣ ሌሎቹ በትከሻቸው ይገፋሉ። ጭነት ሲገፋ መዘፈን ልማዳቸው ነበር፤ ያን ዕለት ግን አፉን የከፈተ ሁሉ ዝንብ ስለሚገባበት ዘፈኑ ቀረ። ፈሳሹ ላይ እግራቸው ይንሸራተታል፣ ይወድቃሉ፣ ተነስተው እጃቸውን እያዩ ያስመልሳሉ፣ መልሰው ይገፋሉ። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ እየተነፈሱ በአጥራችን አጠገብ አለፉ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ወደ ቤት እስክትጎትተኝ ድረስ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነገሩኝ ከአባዬ ጋር የነበሩት ናቸው፤ እሱ አንድም ቀን አውርቶት አያውቅም። ፉርጎዎቹ ከቦታው ሲደርሱ በሩ ተከፈተ፤ የተከፈተው በር ያወጣውን ነገር ችሎ የቆመ ጎልማሳ አልነበረም። አባዬ የኖራውን ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ብቻውን ገባ። እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው እየገባ ኖራውን በእጁ ሲነሰንስ ረፈደ።

ግማቱ ከሰፈራችን እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ በመጨረሻ የወጡና የጤና አዳሙ ሽታ ዳሱን ሞላው። ሙሽራው በሆታ መጣ። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው አየሩን በጥርጣሬ አሸተቱና ተቀመጡ። ሰው ሁሉ «የሙሽራዋ አባት የት አለ?» ይላል። እናቴ ይመጣል፣ ይመጣል ትላለች።

መጣ። በጋዝ ታጥቦ፣ በአመድ ታሽቶ፣ በሎሚ ተለቅልቆ፣ በሳሙና ተፈግፍጎ፣ ቆዳው ደም እስኪመስል ቀልቶ፣ ኖራው ክንዱን አቃጥሎት፣ ለሰርጉ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ግን ይሸታል። ደጃፉ ላይ ሳይደርስ ዳሱ ውስጥ የነበረው ጭውውት ቆመ፤ ከኋላው ሁለት ውሾች እየተከተሉት ነበር። ይህን ቀድሞ የተረዳው እሱ ራሱ ነው። ከአጥሩ በር ውጪ ካለው ዛፍ ሥር ቆመና ሰው ላከ፤ ከዚህ ሆኜ እመርቃለሁ፣ ሥርዓቱ ይቀጥል ብሎ።

ዘነበወርቅ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሚዜዎቹ ቀሚሷን እያሰቡ ሊይዟት ሞከሩ፤ አምልጣቸው በሕዝቡ መሐል አልፋ ወጣች። ሙሽራው ተከተላት። እኔም ከኋላቸው ሮጥኩ። ከእግሩ ሥር ወድቃ ጉልበቱን ስማ ስትነሳ፣ አባዬ እጁን ከእሷ አርቆ አየር ላይ ይዞ ነበር።

«አልሸተተሽም?» አላት።

«ሸቶኛል አባዬ» አለችው።

እውነቱን ስለነገረችው ሳቀ። ከዚያ እያለቀሰ መረቃቸው። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን እንደገና አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ከዳሱ በር ሆነው እስከ ወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ስሙ ሲነሳ «ከሩቅ ሲያዩት ምን የመሰለ ሰው ነው» ይሉ ነበር። ምግቡን ወደ ዛፉ ሥር ያደረስኩለት እኔ ነኝ፤ ሳህኑን አስቀምጬ ትንፋሼን ይዤ ተመለስኩ። ሽታው ብዙ ሰንብቶ እስኪለቀው ድረስ አባዬ በረንዳ ላይ ተኛ።

ይህን ሁሉ ለሚስተር ዴክለን ነገርኳቸው። ሰሙኝና የእሳቸውም እናት አባታቸውን ከገበያ ቀን በኋላ በረት ውስጥ ልብሱን ታስወልቀው እንደነበር፣ ይህንም ለማንም ተናግረው እንደማያውቁ አወሩኝ። ቀጥለው የአባትሽን ፉርጎ ልሥራልሽ፣ ፎቶ ፈልጊልኝ አሉኝ። ሽታውን የሚናፍቅ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ዛሬ ከሞምባሳ የሚመጣው የዕቃ ባቡር የተቆለፈ ኮንቴይነር ጭኖ ሲያልፍ ምን እንደያዘ፣ የማን እጅ እንደጫነው አይታወቅም፣ አይሸትምም፤ ይህም ለሰው ልጅ መልካም ነው እላለሁ። የድሬዳዋው አሮጌ ሐዲድ ሣር በልቶታል፣ አባዬ ሞቷል፣ አብረውት የገፉትም እንዲሁ፤ የከዚራ ልጅ ዛሬ ነፋስ ሲነሳ የሚያሸተው አቧራ ብቻ ነው።

ቢሆንም ለዘነበወርቅ ደወልኩላት፤ ያላትን ፎቶ በሙሉ በስልክ ላከችልኝ። ፉርጎን ፎቶ የሚያነሳ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። የተላከው የሰርጉ ፎቶ ነው፤ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ እናቴ፣ እትዬ በላይነሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። አባዬ በአንዱም የለም። በአንደኛው ላይ ብቻ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ፣ ገሚሱ አፍንጫውን ይዞ፣ ፊቱን ከካሜራው አዙሮ ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ወዳለ አንድ ቦታ ይመለከታል።