ለአንዷ የጸለይኩት

መንታ ሴቶች ልጆቼ ከደረታቸው ሥር እስከ እምብርታቸው ተጣብቀው ነበር የተወለዱት። አዋላጇ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ስታቀብለኝ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ባለቤቴ ያኔ አዋሳ ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ለልጆቹ የሚሆን ልብስ ከየትም ስለማይገኝ ራሱ ሰፋላቸው፤ አንድ ሰፊ ቀሚስ፣ ሁለት አንገት፣ አራት እጅጌ።

ትልቋ ጡት ከያዘች አትለቅም። ትንሿ ትንሽ ትስብና ደክሟት ታለቅሳለች። አንዷን ሳጠባ ሌላዋን ባለቤቴ በእጁ ደግፎ ይይዝልኛል። እውነቱን ለመናገር የትንሿ ልቅሶ ያሰለቸኝ ነበር። ትልቋ ስትስቅልኝ "የኔ ልጅ" እላታለሁ፤ ትንሿን እንዲያ ማለቴ ትዝ አይለኝም።

የአዋሳ ሐኪሞች ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ወደ አዲስ አበባ ላኩን። በዚያ በደርግ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት መንገድ ስለማይወጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወረቀቱን ራሱ ይዞልን ቤት ድረስ መጣ። ልጆቹን አይቶ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

"ጉበታቸው ተያይዟል" አለን ቀዶ ሐኪሙ። "የትንሿ ልብ ደካማ ነው። እንዲሁ ብንተዋቸው ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ብንለያያቸውም ሁለቱም ይተርፋሉ ብዬ ቃል አልገባላችሁም።"

"ይለዩልን" አለ ባለቤቴ።

ልጆቹን ካስገቧቸው በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጸለይን። ከአፌ የወጣው "ጌታ ሆይ፣ ሁለቱንም" የሚል ነው። በልቤ ግን "አንዷን ብቻ ከሆነ የምትሰጠኝ፣ ትልቋን" አልኩ።

ሐኪሙ ሲወጣ ገና ከፊቱ አወቅሁ።

"የትንሿ ልብ አልቻለም" አለ።

"ትልቋስ?" አልኩት፣ ለሞተችው አንዲት ቃል ሳልተነፍስ።

"ደህና ናት።"

ደስ አለኝ። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ሲንሰቀሰቅ ነው ምን እንደተሰማኝ ያወቅሁትና የደነገጥኩት።

አዋሳ ስንመለስ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ገንፎ አገንፍተው ጠበቁኝ። "ጌታ ጸሎትሽን ሰማ!" አሉኝ እያቀፉኝ። ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

ልጄ አድጋ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ፣ አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት የሆዷን ጠባሳ እየዳሰሰች "እማዬ፣ እህቴ ምን ትመስል ነበር?" አለችኝ።

"አንቺን" አልኳት።

አልዋሸሁም። ግን የትንሿን ፊት ላስታውስ ብዬ ብጥር ልቅሶዋ እንጂ መልኳ አልመጣልኝም። ዓይኔ ሁልጊዜ ሌላዋ ላይ ነበር።

"እንግዲያው ቆንጆ ነበረች!" ብላ ሳቀች ልጄ።

በልቤ ያልኩትን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ሰው ስንት ልጅ እንዳለን ሲጠይቀን "ሁለት ወልደናል" ይላል እሱ።