ፊሽካን የማናደድ ሥራ

መጋረጃ ሰፊዋ ልትፈታው የተነሳችው ችግር እንዲህ ነበር። ባሏ ቃል የሚወጣው ሲናደድ ብቻ ነው፤ እሱን ለማናደድ የሚጨክን ሰው ደግሞ በሰፈሩ ጠፋ።

ነገሩን ከሥሩ ብንጀምረው ይሻላል። ባሏ የከባድ መኪና ፍሬን ሠሪ ነበር፤ ሰው ሁሉ ግን "ፊሽካ" ነው የሚለው። ቅርጫት ኳስ ሲያይ ዳኛው ያለፈውን ፋውል እሱ ከወንበሩ ላይ በሁለት ጣቱ ያፏጨዋል፤ ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። በከተማው ሁለት ትልልቅ ክለቦች አሉ፤ ባቡርና ሲሚንቶ። ፊሽካ የባቡር ነው። የባቡር ነው ሲባል እንደው ውጤት ጠይቆ የሚተኛ ዓይነት አይደለም። ባቡር የተሸነፈ ለት ጋራዡ ውስጥ መዶሻ እንኳ በእርጋታ አይቀመጥም ነበር።

አንድ ጠዋት ከመኪና ሥር ወጥቶ መፍቻ እንዲያቀብሉት ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ የወጣው ቃል ሳይሆን ባዶ ድምፅ ሆነ። ቀኝ እጁም አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ወደ አንጎሉ የሚሄድ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ እጁም በመጠኑ። ምላሱ ግን እንደተሳሰረ ቀረ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ለመጋረጃ ሰፊዋ በጥሞና አስረዳቻት። "ቃላቱ አልጠፉም፣ ውስጥ አሉ። ወደ አፍ የሚያወጣቸው መንገድ ነው የተቆረጠው። አዲስ መንገድ የሚወጣው በመመላለስ ነው፤ ባወራ ቁጥር ይከፈታል፣ ዝም ባለ ቁጥር ሳር ይውጠዋል። በመጀመሪያው ዓመት ይቀላል። ከዚያ በኋላ አይቻልም አልልሽም፤ ግን እየከበደ ይሄዳል።" ከዚያ የሥዕል ካርዶች ሰጠቻት። ኩባያ፣ ቁልፍ፣ ድመት።

ፊሽካ ካርዶቹን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ አሠልጣኝ ሲያርም የኖረ ሰው "ድመት በል" ሲሉት ምን ያድርግ? ወራቱ እንዲሁ አለፉ። ምግብ ቀመስ አድርጎ መተው ጀመረ። እሷም ያ የሚቀለው የመጀመሪያ ዓመት በጣቶቿ መሃል እንደ ውሃ ሲፈስ ይታያት ነበር።

መላው የመጣው ሳታስበው ነው። ፕሌይኦፍ የሚሉት የዋንጫው ፍልሚያ ተጀምሮ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ እሷ ደግሞ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ላይ ቀለበት እየሰፋች ነው። ስለ ኳሱ የምታውቀው አንዳችም ነገር አልነበረም። የባቡሩን ኮከብ፣ "ምሰሶው" የሚሉትን ረጅም ተጫዋች፣ በጨረፍታ አየችና፣

"ይሄ ቀውላላ ዛሬም አንድ ሳያገባ ሊወጣ ነው" አለች ለራሷ።

"ውሸት!" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ከበሽታው ወዲህ የሰማችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ፊሽካ ራሱ ከእሷ የበለጠ ደንግጦ አፉን በእጁ ይዟል።

መጋረጃ ሰፊ ሳትለካ አትቆርጥም። እሷም የሆነውን ነገር መለካት ያዘች። ዓርብ ቀን "ዛሬ ረቡዕ ነው" አለችው፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ጨው የበዛበትን ሾርባ "አልጫ ነው" አለችው፤ በእጁ አባረራት። "የሲሚንቶው ኮከብ ጥይቱ ከምሰሶው ይበልጣል" ስትለው ግን አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ተገተረና "ወግጂ!" አለ፣ ጥርት አድርጎ። ስለዚህ ንዴቱ ከኳስ ሌላ መግቢያ በር አልነበረውም። ደግሞም ፍጹም የማይመስል ስህተት በእጅ ይባረራል እንጂ መልስ አይሰጠውም። የሚያቃጥለው ግማሽ እውነት ያለው ስድብ ነው። እንዲህ ያለውን ለመሳደብ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልትማር ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደች።

ፀጉር ቤቱ የፊሽካ የጥንት ቤቱ ነበር። እዚያ የሚሰማውን ለማጣጣም የፍልሚያውን ሕግ ማወቅ ደግ ነው። ሁለቱ ክለቦች አንድ ጊዜ ተገናኝተው አይለያዩም፤ ከሰባት ጨዋታ አራቱን ቀድሞ ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው። የዚህ ውበቱ ምን መሰላችሁ? ዛሬ የተዋረደ ከነገ ወዲያ እንደገና ይመጣል። በመሃል ያለችው ቀን ቁስል የሚነካካባት ቀን ናት፤ እንደዚያች ቀን ለነገረኛ የተመቸ ቀን በዓመት ውስጥ የለም።

"ጥይቱ ሠላሳ ነጥብ! ሠላሳ!" ይላል ሥጋ ሻጩ፣ አገጩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ። በሰፈሩ የታወቀ የሲሚንቶ ደጋፊ እሱ ነው።

"ስንት ጊዜ ወርውሮ? ቀኑን ሙሉ ብወረውር እኔም ሠላሳ አገባለሁ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"አንተ? አንተ ጢም ስትላጭ እንኳ ስንቱን ትስታለህ!"

"ምላጭ የያዘ ሰው ይሰደባል? ጉሮሮህ እጄ ላይ ነው፤ ስለ ምሰሶው በጎ በጎውን ተናገር።"

"የመብራት ምሰሶ ነው ባክህ! ቆሞ ያበራል እንጂ ምን ይሠራል?"

"ታዲያ ከብረቱ የሚመለሰውን ኳስ፣ ሪባውንዱን፣ ማን ይለቅማል? አክስትህ?" አለ ባለታክሲው ተራውን ከሚጠብቅበት ወንበር።

መጋረጃ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ፣ "ወንድሞቼ፣ ስለ ምሰሶው ተብሎ የባቡርን ሰው የሚያቃጥለው ስድብ የትኛው ነው?" ብላ ጠየቀች። ሳቁ ሲበርድ ሥጋ ሻጩ በደስታ አስረዳት። ፋውል የተሠራበት ተጫዋች ከመስመር ቆሞ ማንም ሳይከላከለው ይወረውራል፤ ነፃ ውርወራ ይሉታል። ከሁሉም የሚቀለው ውርወራ እሱ ነው፤ ምሰሶው ደግሞ ያን ይስታል። የባቡር ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ሲነሳበት ግን አይወድም።

ያን ዕለት ከሰዓት "ነፃ ውርወራ የማያገባ ኮከብ ምን ይረባል?" አለችው። ፊሽካ አፉን ታገለው፣ ከንፈሩ ተጣመመ፣ "ሪ... ሪባውንድ!" አለ በመጨረሻ።

እሷም ያለ ልማዷ አጨበጨበች። ስህተቷ ይህ ነበር። ጭብጨባውን ሲያይ ፊቱ ጨለመ፤ ስድቡ ስድብ ሳይሆን የሥዕል ካርድ መሆኑ ገባው። ከዚያ ወዲያ መልስ ከመስጠቱ በፊት ፊቷን ያጠናል፤ የእሷ ፊት ደግሞ መዋሸት አያውቅም። አዘኔታው ዓይኗ ላይ ተጽፎ እያለ "ምሰሶህ አይረባም" ብትለው ማን ያምናታል?

እውነተኛ ተከራካሪ አስፈለጋት። ፀጉር አስተካካዩንና ባለታክሲውን ለጨዋታ ቤቷ ጠራቻቸው፤ ሁለቱም የባቡር ቢሆኑም እርስ በእርስ መበላላት ልማዳቸው ነው። አደራ አለቻቸው፤ ዝለፉት፣ ተሳደቡ፣ አትራሩለት። እነሱም ማሉላት። ሲገቡ ግን ጫማቸውን በቀስታ እየረገጡ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አኖሩ።

"ምሰሶው ዛሬ አላማረበትም..." ብሎ ጀመረ ፀጉር አስተካካዩ። ፊሽካ ቀና አለ። "ግን ደግሞ... አምሮበታል" ብሎ ጨረሰ።

ፊሽካ "እህ" ሲል "ልክ ነህ" አሉት። "ህም" ሲልም "ልክ ነህ" አሉት። ከጨዋታው እኩሌታ በኋላ ያንኑም ተወው።

ሲወጡ በሩ ላይ የፀጉር አስተካካዩን ክንድ ያዘች። "ምነው፣ ቃል ገብተህልኝ አልነበር?"

"እትዬ፣ ስድቡን ደረጃ ላይ አሰናድቼ ነው የገባሁት" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "የከንፈሩን ጫፍ ሳየው ሁሉም በነነብኝ።"

የቀራት ሥጋ ሻጩ ነበር። ጠላት ነው፤ ጠላት ደግሞ አያሳፍርም ብላ ሱቁ ድረስ ሄደች።

"ጋሼ፣ ባሌን ይስደቡልኝ።"

"ለስድብ ነው የምትለምኚኝ?" ሳቀና ቢላውን በሽርጡ ጠረገ። "ያለ ክፍያ ስሠራው የኖርኩት ሥራ እኮ ነው!"

ሥጋ ሻጩ ይመጣል መባሉን ሲሰማ ፊሽካ ሸሚዝ ጠየቀ፤ በምልክት ነው፣ ግን ጠየቀ። ቁልፎቹን በግራ እጁ ራሱ ቆለፋቸው። ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ። ከታመመ ወዲህ ዓይኑ እንዲያ በርቶ አያውቅም። በዚያች ሰዓት መጋረጃ ሰፊዋ ወጥ ቤት ገብታ፣ የሚሰማ ካለ ብላ፣ ለመነች።

ሥጋ ሻጩ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ገባ። ተቀመጠ። ፊሽካን አየ፤ የተሰነካከለ እጁን፣ አንድ ቀዳዳ አልፎ የተቆለፈውን ሸሚዙን።

"እውነቱን ለመናገር" አለ ሰውየው፣ "ዘንድሮ ዋንጫው የባቡር ነው። ምሰሶውን የሚችለው የለም።"

ፊሽካ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ። ሥጋ ሻጩ የደስታ መስሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መጋረጃ ሰፊዋ ግን ገባት። ይህ ሰው በሕይወቱ ባቡርን አመስግኖ አያውቅም። ሰው ክፉ ክፉው ቀርቶ በጎ በጎው ብቻ የሚነገርለት ሲሞት ነው፤ ፊሽካም የራሱን ቀብር ቁጭ ብሎ እየሰማ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ውሸት" እንኳ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ዓይኑን ይጨፍናል። ሾርባው ሲቀርብለት ማንኪያውን ገልብጦ ያስቀምጣል። ክለቦቹ ሦስት ለሦስት ሆነው የመጨረሻው ጨዋታ ቀረ፤ እሱ ካለቀ ደግሞ እስከ ቀጣዩ የውድድር ዘመን ኳስ የለም። ባለሙያዋ የነገረቻት ዓመትም ከዚያ በፊት ያልቃል።

የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ከሰዓት ነበር። እሷ ከወንበሩ ኋላ ቆማ መጋረጃ እየተኮሰች ነው። ባቡር በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ምሰሶው ላይ ፋውል ተሠራ። ሁለት ነፃ ውርወራ። አንዱን ቢያገባ እኩል ይሆናሉ፤ ሁለቱን ቢያገባ ዋንጫው የባቡር ነው። ፊሽካ አንድ ዓይኑን ገለጠ። የመጀመሪያው ኳስ የቅርጫቱን ብረት መትቶ ወጣ። ሁለተኛው ብረቱንም አልነካው።

ያን ጊዜ መጋረጃ ሰፊዋ ያሰበችው ዘዴ አልነበረም። ወራቱን ሙሉ የዋጠችው ሁሉ ነው በአንዴ የወጣው።

"ፈሪ!" ብላ ጮኸች። "ፈሪ ነው ምሰሶህ! ሰው ሁሉ እየጠበቀው እጁን ሰጠ! እንዳንተ! ልክ እንዳንተ!"

የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ ግድግዳው ላይ ተሰባበረ። ፊሽካ ወንበሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ጀርባው ለእሷ ነው።

"አይደለም!" አለ። "ጉል... ጉልበቱን! ጉልበቱን... አሞት ነው!"

እውነት ነበር። ምሰሶው ቀደም ብሎ ወድቆ ሲነሳ እግሩን ይጎትት ነበር፤ ከቤቱ ውስጥ ያን ያስተዋለው ዓይኑን ጨፍኗል የተባለው ሰው ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ እንደ "ውሸት" እና "ወግጂ" ከአፍ ያመለጠ ቃል አይደለም። ምክንያት ነው። ሰው አይቶ፣ አገናዝቦ፣ ለሌላ ሰው ጥብቅና ቆሞ የተናገረው ነገር ነው። ባለሙያዋ ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች። "ዓረፍተ ነገር! እንዳታቆሚ!" አለቻት።

ፊሽካ ግን ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አያያትም። ሲተላለፉ ግድግዳውን ይጠጋል። መናገር አቅቶት ይሁን እሷን ጠልቶ፣ ሁለቱ ዝምታዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልትለያቸው አልቻለችም። ምናልባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አትርፋ ባሏን አጥታ ይሆናል። ይቅርታ ልትጠይቀው ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታለች። ይቅርታ ብትለው ግን ያ ሁሉ ለመድኃኒት የተባለ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ እሱ መልሶ ካርድ የሚያሳዩት ሕመምተኛ ይሆናል። ስለዚህ አፏን መልሳ ትዘጋለች።

አሁን የስፌት መኪናዋን ፊቷ ቴሌቪዥኑ ወዳለበት ግድግዳ እንዲሆን አዙራዋለች። እሱ ከኋላዋ ይቀመጣል፤ ፊቷን ሊያነብ አይችልም። ፀጉር አስተካካዩ ያለፉትን ጨዋታዎች ቅጂ ፈልጎላታል፤ ከሰዓት ከሰዓት ትከፍተዋለች። የሚገርመው፣ ስታይ ስታይ ጥይቱን በእውነት ወደደችው፤ ኳስ ሲያቀብል እንደ ሐር ክር ሹልክ የሚያደርጋት ነገር ልቧን ወስዶታል። ስለ እሱ ስትከራከር ማስመሰል ቀርቶላታል።

ዛሬም ያንኑ የመጨረሻ ጨዋታ ከፍታለች።

"ጉልበቱን ካመመው ለምን አላስቀየሩትም?" አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። "አሠልጣኛችሁም ደደብ ነበር ማለት ነው።"

ከኋላዋ መልስ ቢመጣ የመኪናው ድምፅ እንዳይሸፍንባት ፔዳሉን ቀስ አድርጋ ትረግጣለች። ጨርቁ ካለቀ ቆይቷል፤ መርፌው ባዶውን ይወጣል ይገባል። አልዞረችም።

"ኧረ ለመሆኑ" አለች እንደገና፣ ትንሽ ጮክ ብላ፣ "ያን ኳስ ጥይቱ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ጨፍኖ አያገባውም ነበር?"